ሲአርፒው «ኖርማል» ነው፤ ታዲያ ልሸኘው?

ጥያቄውን የላከችው በመንዝ በኩል ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። ባጭሩ እንዲህ ትላለች (ሲአርፒና ፕሮካልሲቶኒን ኢንፌክሽን ሲኖር ደም ውስጥ ከፍ የሚሉ፣ በደም ምርመራ የሚለኩ ነገሮች ናቸው፤ ሴፕሲስ ደግሞ ኢንፌክሽን የገዛ አካልን ወደ መጉዳት ሲደርስ ነው)፦ «ላብራቶሪያችን ሲአርፒ መሥራት ጀምሯል። የፕሮካልሲቶኒን ማሽንም ሊመጣ ነው እየተባለ ነው። ሌሊት ብቻዬን ስሆን፣ ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው ሴፕሲስ ውስጥ እየገባ መሆኑን በደም ምርመራ ቀድሜ ማወቅ እችላለሁ? ሲአርፒው ኖርማል ከሆነስ ልሸኘው? ከምርመራዎቹ የትኛው ይሻላል?»

ሲስተር፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ የድሮ ተረኝነት ነው ትዝ ያለኝ። መልሱን ከላይ ላስቀምጥልሽ። ሲአርፒ ኖርማል ስለሆነ ብቻ ማንንም አትሸኚ። ፕሮካልሲቶኒን ዝቅ ስላለ ብቻም አትሸኚ። የደም ምርመራ በጣም ይረዳሻል። የሚረዳሽ ግን መጀመሪያ ሰውየውን ካየሽው፣ ሕመሙ ስንት ሰዓት እንደሆነው ከጠየቅሽ፣ ከዚያም ቁጥሩን ደግመሽ ካየሽ ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ታኅሣሥ ነበር፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል ተረኛ ነኝ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አንድ ገበሬ መጣ። ዕድሜው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። ባና ተከናንቧል። ቀን እህል ሲወቃ ውሎ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ድንገት ብርድ ብርድ ብሎት ጥርሱ ተንገጫገጨ። ግራ እግሩ ላይ እሾህ የወጋው ትንሽ ቁስል አለ። ዙሪያው ቀላ ብሏል እንጂ የሚያስፈራ አይመስልም። ነጭ የደም ሴል 7 ሺህ፣ ሲአርፒ 9 ብሎ መጣ። «ቀላል ነው» አልኩ። የሚዋጥ መድኃኒት ጽፌ ሸኘሁት። ነርሷ ካርዱ ላይ አተነፋፈሱን 28 ብላ ጽፋ ነበር። የእኔ ዓይን የላብራቶሪው ወረቀት ላይ ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በቃሬዛ ተመለሰ። እግሩ እስከ ጉልበቱ አብጧል። ያወራል፣ ወሬው ግን አይያያዝም። የደም ግፊቱ 70 በ40። ሲአርፒው አሁን በግልጽ ከፍ ብሏል። የምንችለውን ሁሉ አደረግን። ከሰዓት በኋላ አረፈ። ሚስቱ ባናውን አጣጥፋ ይዛ ስትወጣ ያየኋት እስከ ዛሬ ከፊቴ አልጠፋችም።

ሲአርፒው አልዋሸም ነበር። የማታው ደም የተወሰደው ሕመሙ ከጀመረ ሦስት ሰዓት ገደማ ሲሆነው ነው። ጉበቱ ገና ማምረት አልጀመረም። ያን ሌሊት እውነቱን የነገረኝ ቁጥር 28 ነበር፤ እሱን ደግሞ ለማግኘት ሰዓት ያለው ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

የሰዓቱን ነገር በደንብ እንየው፣ ዋናው ነገር እሱ ነውና። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሲአርፒ አዲስ ነገር አይደለም። በ1930 ኒውዮርክ ውስጥ፣ የሳንባ ምች በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ ነው የተገኘው። ባክቴሪያ ሲገባ የመከላከያ ሴሎች ኢንተርሉኪን 6 የሚባል መልእክት ይለቃሉ። መልእክቱ ጉበት ሲደርስ ጉበት ሲአርፒ ማምረት ይጀምራል። ደም ውስጥ በግልጽ ከፍ ብሎ ለመታየት ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይፈጅበታል። ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ወደ ሁለት ቀን አካባቢ ነው። ምርቱ ሲቆም በየ19 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ፕሮካልሲቶኒን ከሱ ይፈጥናል። ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ መነሳት ይጀምራል፣ በአንድ ቀን ውስጥ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ በአንድ ቀን ገደማ በግማሽ ይወርዳል። ከባድ ኢንፌክሽን ላይ ከፍ እንደሚል የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ያሳወቁት በ1993 ነው። ኢንተርሉኪን 6 ራሱ ከሁሉም ይቀድማል፤ ቶሎ ወጥቶ ቶሎ ስለሚወርድ፣ መመርመሪያውም ውድ ስለሆነ፣ ለእኛ ደረጃ የሚሆን አይደለም።

እንግዲህ ይህን ይዘሽ ሰሜን ሸዋን አስቢ። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ያለ ሰው ብርድ ብርድ ባለው በሁለት ሰዓት ውስጥ በባጃጅ ደጅሽ ይደርሳል። ከጀማ በረሃ የሚመጣው ደግሞ ሁለት ቀን ቤት ተኝቶ፣ ጠበል ሞክሮ፣ በሦስተኛው ቀን በሰው ትከሻ ነው የሚደርሰው። ሁለቱም ላይ ሲአርፒ 12 ቢመጣ ትርጉሙ አንድ አይደለም። ለመጀመሪያው «ገና አላውቅም» ማለት ነው። ለሁለተኛው ግን ባክቴሪያ የመሆኑን ነገር በእርግጥ ያሳንሰዋል፤ ሦስት ቀን የቆየ ከባድ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ጉበቱ ደህና በሆነ ሰው ላይ ሲአርፒን ብዙውን ጊዜ እዚያ ታች አይተወውም። ጉበቱ የተጎዳ ሰው ግን ማምረቱም ይሳነዋልና ከዚህ ውጭ አድርጊው። ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት «መቼ ጀመረህ?» ብለሽ ጠይቂ። «ትናንት» ካለሽ ደግሞ ጥዋት ይሁን ማታ አጥሪ።

ከፍ ማለቱም እንዲሁ ብቻውን አይበቃም። ሲአርፒ በቲቢ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በአደጋ፣ በመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ ይወጣል። በምጥና በወሊድ ላይ ነጭ የደም ሴልም ሲአርፒም ያለ ኢንፌክሽን ከፍ ይላሉ። ስለዚህ አዲስ ወላድ ላይ እነዚህን ይዘሽ አትፍረጂ። ወላዷን ሽታ ያለው ፈሳሽ እንዳላት ጠይቂ፣ ሆዷን ንኪ፣ ትንፋሿን ቁጠሪ። ሴፕሲስ ማለት ኢንፌክሽን ብቻ አይደለም። በ2016 በወጣው ትርጉም መሠረት ሴፕሲስ የሚባለው፣ ሰውነት ለኢንፌክሽኑ የሚሰጠው ምላሽ ከመስመር ወጥቶ የገዛ አካሉን ሲጎዳና ሕይወቱን አደጋ ላይ ሲጥል ነው። ሲአርፒና ፕሮካልሲቶኒን ስለ መጀመሪያው ግማሽ ይናገራሉ። ስለ ጉዳቱ የሚናገር ሌላ ምርመራ ያስፈልግሻል።

እሱም ላክቴት ነው፤ ሴሎች ሲጨናነቁ ደም ውስጥ የሚበዛ ነገር። ከስኳር ሌላ አንድ ምርመራ ምረጥ ብትይኝ፣ ለድንገተኛ ክፍል የምመርጠው ይህን ነው። ላክቴት ባክቴሪያ መኖር አለመኖሩን አይነግርሽም። ሴሎቹ መጨናነቃቸውን ነው የሚነግርሽ። ከ2 ሚሊሞል በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ከ2 ካለፈ ተጠንቀቂ። 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የደም ግፊቱ ደህና ቢመስልም እንኳ፣ ይህ ሰው አደጋ ላይ ነው ብለሽ ያዢው። ወጣት ሰው ግፊቱን አጥብቆ ይዞ ይቆይና ድንገት ነው የሚወድቀው። ላክቴት ያንን ቀድሞ ሊያሳይሽ ይችላል።

አወሳሰዱ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ክንዱን በላስቲክ አስረሽ ሥር ፍለጋ ረጅም ጊዜ አትቆዪ፤ ጡጫውንም ጨብጥ ልቀቅ አትበዪው። ሁለቱም ቁጥሩን ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። ደሙ ወደ ላብራቶሪ የሚሄድ ከሆነ ግራጫ ክዳን ያለው ትዩብ ውስጥ አድርጊው። በሌላ ትዩብ ከሆነ የደም ሴሎቹ እዚያው ውስጥ ስኳር መብላታቸውን ይቀጥሉና ላክቴቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይወጣል። ትዩቡን በረዶ ላይ አድርጊና ራስሽ ይዘሽ ሂጂ፤ ሌላ ናሙና እስኪመጣ አይቆይ። በጣት ደም የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ካላችሁ ከዚህ ሁሉ ትገላገያለሽ። የስትሪፑን ዕቃ ላይ የተጻፈውን የሙቀት ልክ ግን አንብቢ። የሸዋ ሮቢት ቀትርና የመሐል ሜዳ ሌሊት ለስትሪፕ አንድ አይደሉም።

ላክቴት ከፍ ያለ ሁሉ ደግሞ ሴፕሲስ አይደለም። ገና አሁን ያንቀጠቀጠው የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው፣ ብዙ ሳልቡታሞል የወሰደ የአስም በሽተኛ፣ ሜትፎርሚን የሚወስድ ኩላሊቱ የደከመ የስኳር ሕመምተኛ፣ ጉበቱ የተጎዳ ሰው፣ ሁሉም ላይ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ አንዴ አይተሽ አትተዪው። ከ2 በላይ ከሆነ ሕክምና ጀምረሽ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ድገሚው። እየወረደ ከሆነ መንገድሽ ትክክል ነው። አልወርድ ካለ የሪፈር ስልክ አንሺ።

«ላክቴትም የለንም» የምትይኝ ከሆነ ጣት አለሽ። ይህን ለማጽናናት ብዬ አይደለም የምልሽ። በ2019 በደቡብ አሜሪካ 5 አገሮች፣ በ28 ሆስፒታሎች፣ 424 የሴፕቲክ ሾክ (ሴፕሲስ የደም ግፊታቸውን የጣለው) በሽተኞች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ግማሾቹ ላክቴታቸው እየታየ ታከሙ። ግማሾቹ የጣታቸው ደም ተጭኖ ሲለቀቅ በስንት ሰኮንድ እንደሚመለስ እየታየ ታከሙ። በ28 ቀን ውስጥ ከላክቴት ቡድኑ 43.4 በመቶ፣ ከጣት ቡድኑ 34.9 በመቶ ሞቱ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን ጣት ይበልጣል ለማለት ለጥቂት አልደረሰም። ጣት ያንሳል የሚል ግን ምንም አልተገኘበትም። አሠራሩ ቀላል ነው። የሌባ ጣቱን ጫፍ በማይክሮስኮፕ መስታወት ጫን በዪው፣ እስኪነጣ። 10 ሰኮንድ ቆይተሽ ልቀቂ። ቀለሙ ከ3 ሰኮንድ በላይ ቆይቶ ከተመለሰ ጥሩ አይደለም።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ነገር አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደጋ ላይ የጤነኛ ሰው ጣትም በረዶ ነው። ያንን ይዘሽ ሾክ ነው ብትዪ ትሳሳቻለሽ። መጀመሪያ እጁን በባናው ውስጥ አድርጊለት፣ ይሙቅ። ደረቱ አጥንት ላይም ጫን ብለሽ አመሳክሪ። ከዚያ ወደ ጉልበቱ ተመልከቺ፤ ቆዳው ዥጉርጉር ሆኖ ከጠቆረ ብርድ ነው ብለሽ አትለፊው።

ሌላም አለ። «ኒውስ» የሚባለውን የሕመም ክብደት መገመቻ የነጥብ አሰጣጥ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ሠንጠረዡ የኦክስጅን መጠን 96 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ዜሮ ነጥብ የሚሰጠው። 94 እና 95 አንድ ነጥብ፣ 92 እና 93 ሁለት ነጥብ ያሰጣሉ። ይህ የተሠራው ለእንግሊዝ ሆስፒታሎች ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከጣርማ በር ዋሻ ወርደሽ፣ ደብረ ሲናን አልፈሽ ሸዋ ሮቢት ስትደርሺ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነሽ። ጤነኛው ሰው በሁለቱ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር አያሳይም። አንድ ቀን ተረኛ ባልደረቦችሽን ሁሉ በኦክሲሜትሩ ለኪያቸው። እዚያ የምታገኚው ቁጥር የሆስፒታላችሁ ኖርማል ነው። ትንፋሽ፣ ግፊትና አእምሮ ግን በከፍታው ምክንያት ይቅር የሚባሉ አይደሉም። ትንፋሽ 22 እና ከዚያ በላይ፣ የላይኛው ግፊት 100 እና ከዚያ በታች፣ ግራ የመጋባት ነገር፤ ከሦስቱ ሁለቱ ካሉ ቁጭ አትበዪ። ሁለት ስላልሞላ ብለሽ ግን አትዘናጊ፤ ይህ መለኪያ ብቻውን ብዙ ሰው ያመልጠዋል። ትንፋሹን ሙሉ 60 ሰኮንድ ቁጠሪ፣ ባናውን ገልጠሽ። ካርድ ላይ ለሁሉም «20» ተብሎ የሚጻፈውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰው እየገደለ ያለ ልማድ ነው።

ወባና ግርሻ (ትኩሳቱ እየተመላለሰ የሚመጣው በሽታ) ላይ ልመጣ። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ለሥራ ቆይቶ የተመለሰ ሰው ወባው ፖዘቲቭ ሆኖ ሲአርፒው 150 ቢመጣ አትደነቂ። ወባ ብቻውን ሲአርፒንም ፕሮካልሲቶኒንንም ሽቅብ ይሰቅላቸዋል። እዚያ ላይ እነዚህ ምርመራዎች ባክቴሪያ ተደርቦ መኖሩን አይለዩልሽም። በጠና የታመመ ከሆነ ለሁለቱም ማከም ነው። ዊዳል ፖዘቲቭ ወጣ ብሎ ታይፎይድ ላይ መደምደም ደግሞ የባሰ ነው፤ ያ ወረቀት ብዙ ሴፕሲስ ሸፍኖ አሳልፏል።

በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ሌላ ጥንቃቄ አለው። ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን በተሰጠ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በሽተኛው ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይጨምራል፣ ከዚያ ግፊቱ ይወርዳል። ይህን የማነሳው ከጥያቄሽ ጋር ስለሚገናኝ ነው። በዚያች ሰዓት ውስጥ እነ ኢንተርሉኪን 6 ደም ውስጥ እንዴት ሽቅብ እንደሚተኮሱ በ1992 በታተመ ጥናት የተለካው እዚሁ አገራችን፣ የግርሻ በሽተኞች ላይ ነው። ዓለም ስለ ሴፕሲስ ኬሚካሎች ከሚያውቀው ጥቂቱ ከእኛ ሰው ደም የተገኘ ነው። ለእኛ ያለው ትርጉም ግን ይህ ነው፦ ብለድ ፊልም (ደሙ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ምርመራ) ሳታሠሪ አትለፊ፣ ግርሻ ከሆነ መድኃኒቱን ሰጥተሽ ቤቱ አትስደጂው፣ አጠገቡ ቆዪ።

አሁን ወደ ፕሮካልሲቶኒን ማሽኑ። ይምጣ፣ ጥሩ ነው። የ2021 ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ መመሪያ ግን አንቲባዮቲክ ለመጀመር ወይም ላለመጀመር ፕሮካልሲቶኒንን እንዳንጠብቅ ይመክራል። ጥቅሙ ለማቆም ነው። በሽተኛው ከተሻለው፣ ቁጥሩም ከጣሪያው 80 በመቶ ከወረደ ወይም ከ0.5 በታች ከሆነ፣ መድኃኒቱን ማቆም ይቻላል። በእንግሊዝ 2,760 በሽተኞች ላይ የተሠራው አዳፕት ሴፕሲስ በተባለ ጥናት፣ ፕሮካልሲቶኒንን በየቀኑ ማየት የአንቲባዮቲኩን ጊዜ በአንድ ቀን ገደማ አሳጥሯል፣ ሞትንም አልጨመረም። ሲአርፒ ግን በዚያው ጥናት ጊዜውን አላሳጠረም። ይህ የዋርድ ጥቅም ነው። ለድንገተኛ ክፍልሽ ሌሊት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ የተወሰነ ከሆነ በእኔ ፍርድ መጀመሪያ የማይቋረጥ የስኳር ስትሪፕ፣ ቀጥሎ የላክቴት መሣሪያ፣ ቀጥሎ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) እና ክሬአቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) ሌሊትም የሚሠሩበት መንገድ፣ ከዚያ ሲአርፒ፣ ፕሮካልሲቶኒን መጨረሻ። ክሬአቲኒንና ሲቢሲው ላይ የሚወጣው ፕላትሌት (ደም የሚያረጉት ሴሎች) ስለ ጉዳቱ የሚናገሩ ናቸው፤ ተረስተው ሲቀሩ ይቆጨኛል።

በውጭ አገር አዳዲሶች አሉ። ሞኖሳይት የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች የመጠን መዘበራረቅ ከሲቢሲው ጋር አብሮ የሚያወጣ ማሽን በ2019 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፣ ሲቢሲ ለማንኛውም ስለሚሠራ ተጨማሪ ደም አያስፈልገውም። የነጭ ሴሎችን የጂን እንቅስቃሴ የሚያነቡም ወጥተዋል። የመጀመሪያው ዓይነት አንድ ቀን ደብረ ብርሃን ቢደርስ ደስ ይለኛል።

ስለ ፈሳሽ አንድ ነገር ሳልል ላልፍ አልችልም። ላክቴት ከፍ አለ ብለሽ ዝም ብለሽ አታፍስሺ። መመሪያው በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ይላል። ዛምቢያ ውስጥ ግፊታቸው በወረደ፣ አብዛኞቹ ኤችአይቪ ባለባቸው 212 አዋቂዎች ላይ የተሠራ ጥናት በ2017 ሲታተም፣ ፈሳሽ በብዛትና በፍጥነት ከተሰጣቸው 48 በመቶው፣ እንደ ተለመደው ከታከሙት 33 በመቶው ሞተዋል። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ሕጻናት ላይም በ2011 ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) በሌለበት ቦታ ሳንባው ውኃ ከሞላ መመለሻ የለውም። 500 ሚሊ ሰጥተሽ ሳንባውን አዳምጪ፣ ትንፋሹን ቁጠሪ፣ ጣቱን ጫኚ፣ ከዚያ ቀጣዩን ወስኚ።

እና ሌሊት ብቻሽን ስትሆኚ? ትኩሳት ይዞት የመጣውን ሰው ትንፋሹን ቁጠሪ፣ ስኳሩን እዪ፣ ሰዓቱን ጠይቂ። ሾክ ውስጥ ከሆነ ወይም ሴፕሲስ መሆኑ በጣም ከመሰለሽ ተረኛ ሐኪሙን ቀስቅሺ፣ አንቲባዮቲኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይግባ። ብለድ ከልቸር (ደም ውስጥ ያለን ባክቴሪያ አሳድጎ መለያ ምርመራ) ካላችሁ ደሙ ቀድሞ ይወሰድ፣ ግን መድኃኒቱን ለሱ ብላችሁ አታዘግዩ። ሾክ ከሌለውና ከተጠራጠርሽ እስከ 3 ሰዓት የማጣሪያ ጊዜ አለሽ፤ ምርመራዎቹ የሚያገለግሉሽ እዚህች መስኮት ውስጥ ነው። ሲአርፒው ኖርማል ሆኖ ሕመሙ ግማሽ ቀን ካልሞላው፣ አትሸኚው። አልጋ ከሌለ አግዳሚው ላይም ቢሆን ይደር። ጥዋት ድገሚለት።

ሪፈር ስትጽፊም እንዲሁ አድርጊ። «ሲአርፒ 96» ብቻ ብለሽ አትላኪ። «ሕመሙ የጀመረው ለዛሬ አጥቢያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ሲአርፒ ዛሬ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ 14፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ 96፣ ላክቴት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ 3.8፣ 11 ሰዓት ላይ 3.6፣ ትንፋሽ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ 24፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ 30፣ አንቲባዮቲክ ሴፍትራያክሶን ከቀኑ 8:40 ላይ» ብለሽ ጻፊ። ደብረ ብርሃንም ይሁን ከዚያ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ፣ ሌሊት ላይ ያን ወረቀት የሚቀበለው ሰው በሽተኛሽን ያየው አሁን ነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ሰዓቱ ካለ፣ ወዴት እየሄደ እንደሆነ አምቡላንሱ በር ላይ ሆኖ ያውቃል።